ለሁለት የተሰነጠቀው ዋንዛ

ሐረር ውስጥ ጊታር የሚሠራ ሰው ነበር ሲባል ዛሬም የሚስቅ አለ። ይሳቅ። ጊታር ማለት በመርከብና በባቡር የሚመጣ ዕቃ ነው ብሎ ላደገ ሰው፣ "እኔ በእጄ ሠርቻለሁ" የሚል የሐረር ሰው ጉራ የሚነዛ ይመስለዋል። እኔ ግን ሠርቻለሁ። ጊደር መጋላ ገበያ ዳር በነበረችኝ ጠባብ ሱቅ፣ በግራዬ እህል ነጋዴ፣ በቀኜ በርበሬ ነጋዴ ይዤ፣ እያስነጠሰኝ ሠርቻለሁ።

ሙያውን ያገኘሁት ጣሊያን ድል ተመትቶ ሲወጣ ወደ አገሩ መመለስ ካልፈለገ አንድ አናጢ ነው። ለእንጀራው ቁም ሣጥንና ወንበር ይሠራል፤ ጊታር የሚሠራው ግን ሲከፋው ብቻ ነበር። ደግነቱ ብዙ ጊዜ ይከፋው ነበር። ስስ እንጨት አርጥቦ በጋለ የብረት ቱቦ ላይ እንዴት እንደሚያጎብጡት፣ ከቆዳ ኮላ እንዴት እንደሚያፈሉ፣ ጎማላካ የሚሉትን ማንጸባረቂያ ቅባት በጨርቅ እየነከሩ እንጨቱ ፊት እስኪያሳይ እንዴት እንደሚያሹት ከእሱ ተማርኩ። እሱ ከጣሊያን ያስመጣው የነበረውን ደግሞ እኔ ከደጄ አገኘሁት። አንገቱ ላይ የሚደረደረውን የጣት መርገጫ ሽቦ ከተተኮሰ ጥይት ቀለህ እየቀጠቀጥኩ አወጣ ነበር፤ ሐረር የወታደር ከተማ ናት፣ ቀለህ አይጠፋባትም። ለፊቱ ጥድ፣ ለአንገቱ ወይራ፣ ለጀርባና ለጎኑ ዋንዛ። አንድ ነገር ግን በፍጹም አይገባበትም፤ ምስማር። "ምስማር የመቱት እንጨት አፉን እንደ ለጎሙት ነው" ይለኝ ነበር ሰውየው በዚያ በሚሰባበር አማርኛው፣ እኔም ያን ቃሉን ከዚያ ወዲህ ጥዬው አላውቅም።

አባቴ ሥራዬን አይወዱትም ነበር። አያታቸው ከሸዋ ጦር ጋር መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ እሳቸውም በጉብዝናቸው ጠመንጃ ያነገቱ ሰው ናቸው። "የእኛ ዘር ይዘፈንለታል እንጂ አይዘፍንም" ይሉኛል። "አባባ፣ እኔ መቼ ዘፈንኩ፤ ዕቃውን ነው የምሠራው" ስላቸው፣ "ጠማቂ አይጠጣም ልትለኝ ነው?" ብለው ያፌዙብኛል። ሰው ሲጠይቃቸው "ልጄ አናጢ ነው፣ በርና መስኮት ይሠራል" ይላሉ። እኔ በር ከሠራሁ ዘመን አልፎኝ ነበር። አብሬ እስቃለሁ እንጂ ነገሩ ያመኝ ነበር፤ አሁን ሳወራውም ያመኛል።

የሚገርመው በሐረር ዙሪያ ካየሁት እንጨት ሁሉ የሚበልጠው በእሳቸው እጅ መኖሩ ነው። ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ሶፊ ውስጥ በአንድ ገበሬ ጫት ማሳ ዳር ዘምሞ የቆመ ትልቅ ዋንዛ ነበር። ነፋስ ሲጥለው አባቴ ገዝተው አስሰነጠቁትና ጣውላውን ወደ ከተማ አስመጡ፤ ለሬሳ ሣጥናቸው። በዚያን ጊዜ በሣጥን መቀበር የትልቅ ሰው ወግ ነበር፤ ሌላው በሰሌን ተጠቅልሎ ይገባል። "እኔ እንደ ገበያ ዕቃ በሰሌን አልጠቀለልም" ብለው ጣውላውን ማድ ቤቱ ጣሪያ ሥር ወራጁ ላይ ደረደሩት። በጭሱ እየጠቆረ ዓመታት ተቀመጠ።

ዘምሞ የሚያድግ ዛፍ ራሱን ለመሸከም ሲታገል ውስጡ ይጠማዘዛል። ያ ትግል ነው ሲላግ መልክ ሆኖ የሚወጣው። አንድ ቀን መሰላል ላይ ወጥቼ የአንዱን ጣውላ ጠርዝ በርጥብ ጨርቅ ጠረግሁትና ነፋስ የነካው ውኃ መሰለኝ፤ ሞገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳል። በጣቴ አንጓ ቆረቆርኩት። ድምፁ ቶሎ አይሞትም። ከታች አባቴ ጮኹ፦ "ውረድ አንተ! ገና አልሞትኩም!" ወረድኩ። ስለዚያ እንጨት በአፌ አንስቼ አላውቅም፤ በዓይኔ ግን ወደ ማድ ቤቱ በገባሁ ቁጥር ቀና ማለቴን አልተውኩም፣ እሳቸውም ማየታቸውን አልተዉም።

አባቴ አብረው የሚኖሩት ከእትዬ ጋር ነበር። እትዬ ታላቅ እኅቴ ናት፤ ከባሏ ቤት የተመለሰችው ትዳሩ ፈርሶ ነው፣ ስለ እሱም አታወራም። እናታችን ከሞተች ወዲህ እኔንና እሷን የሚለየን ነገር አልነበረም። ጊታር ጨርሼ ክሩን ስወጥር መጀመሪያ የምትሰማው እሷ ናት። "ይኸኛው አልቃሻ ነው፣ ያኛው ሣቂታ" እያለች ትለያቸዋለች። ለገዢዎቼ የምነግረው የእሷን ቃል ነበር።

አንድ ክረምት አባቴ ታመው አልጋ ላይ ዋሉ። የሚያገላብጣቸው፣ የሚያጥባቸው፣ የሚያጎርሳቸው እትዬ ናት። እኔ ጠይቄያቸው ወደ ሱቄ እመለሳለሁ፤ እሷ ትቀራለች። አንድ እሑድ እሷ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ አጠገባቸው ተቀምጬ ሳለሁ፣ "ከእነዚያ ጣውላዎች አንዱን አውርደህ አምጣ" አሉኝ። ሊሰናበቱኝ መስሎኝ ደነገጥኩ። አምጥቼ አልጋው ጠርዝ ላይ አስደገፍኩት። በመዳፋቸው ዳበሱት።

"ላንተ ዕቃ ምን ያህል ውፍረት ይበቃዋል?"

ሁለት ጥፍሬን ደርቤ አሳየኋቸው።

"ለእኔስ?"

አባት በቁሙ ስለ ሬሳ ሣጥኑ ውፍረት ሲጠይቅ ልጅ ምን ይላል?

"ይኸ ሦስት ጣት ይሆናል" አሉ ራሳቸው ለክተው። "ሁሉንም ለሁለት ለሁለት ሰንጥቀው። እኩሌታው የእኔ፣ እኩሌታው ያንተ። ዕድሜ ልኬን ከብጄ ኖሬያለሁ፤ ስሄድ ብቀልል ምን አለበት?"

ጉልበታቸውን ልስም ስጎነበስ በእጃቸው ገፉኝ። "ዘፈንህን ወድጄው እንዳይመስልህ! ሁሉንም ምስጥ ከሚበላው ብዬ ነው።"

ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ። ከአባቴ አፍ ስለ ሥራዬ ደግ የሚመስል ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። በማግሥቱ ጣውላዎቹን በአህያ አስጭኜ ወደ ሱቄ ስወስድ እትዬ በር ላይ ቆማ ታያለች። "ሊላጉ ነው" አልኳት። በሕይወት ባለ ሰው ሬሳ ሣጥን ላይ ብዙ ማውራት ሟርት ይሆናል ብዬ ዝርዝሩን ተውኩት። እሷም አልጠየቀችኝም።

ከአንድ አናጢ ጓደኛዬ ጋር ትልቁን መጋዝ ይዘን ሰነጠቅናቸው። እያንዳንዱ ጣውላ ሲከፈት ሁለቱ ገጽ ልክ እንደ ተገለጠ መጽሐፍ ይተያያል፤ በአንደኛው ላይ ያለው ሞገድ በሌላኛው ላይ ይመለሳል። የአባቴን ድርሻ በአንድ ግድግዳ፣ የእኔን በሌላው አቆምኩ። ጓደኛዬ "ይህን መሬት ውስጥ ልትቀብረው?" ሲለኝ ተቆጣሁት።

አባቴ ነሐሴ ውስጥ፣ ዝናቡ አልቆም ባለበት ሰሞን ዐረፉ። ቀብሩ በዚያው ቀን ነው። ሌላ አናጢ ቢሆን ምስማሩን ደርድሮ ሣጥኑን በአንድ አፍታ ይጨርሰው ነበር። እኔ መዶሻውን ባነሣ እጄ እምቢ አለኝ። በዚያ እንጨት ላይ፣ ያውም በአባቴ ላይ ምስማር ልመታ? ጠርዝ ለጠርዝ አጋጠምኩ፣ ኮላ ቀባሁ፣ ሞርሳ በሚሉት ማጥበቂያ ብረት ጠፈርኩ፣ ክዳኑን ጎማላካ አሸሁት። ጊታር የሚሠራው እንዲህ ነው። ጊታር ግን እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ ቀብር አይጠብቅም። የቆዳ ኮላ ደግሞ እርጥበት አይወድም። አላውቅም ነበር ማለት አልችልም። ሌላ አሠራር ግን እጄ ረስቶ ነበር።

ሣጥኑ ሲወጣ ለቀስተኛው ሁሉ ክዳኑን አይቶ "ወይ እንጨት!" አለ። የእድሩ ሰዎች ተሸከሙት። ቁልቁለቱ ላይ፣ ድንጋዩ በጭቃ በሚያዳልጥበት ቦታ አንደኛው ተሸካሚ አዳለጠው፤ ሣጥኑ አንዴ ተንገጫገጨና ከእግርጌ በኩል ወለሉ ከጎኑ ተላቀቀ። ሰው ሁሉ እጁን ከሥር ሰደደ። ለቀስተኞቹ ጋቢያቸውን አውልቀው ሣጥኑን ዙሪያውን አሰሩት። በሰሌን አልጠቀለልም ያሉት አባቴ በሰው ጋቢ ተጠፍረው ሄዱ።

እትዬ ከሴቶቹ መሐል ወጥታ መጣች። የተላቀቀውን ጣውላ ጠርዝ በጣቷ ለካችው። ሦስት ጣት የነበረው ተሰንጥቆ ከጣት ተኩል የማይበልጥ ሆኖ አገኘችው።

"እንጨቱን ምን አደረግከው?" አለችኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

"አባባ ናቸው ሰንጥቀው ያሉኝ።"

"ማን ሰማ?"

ማንም አልሰማም። ጣት ተኩል ጣውላ አራት ሰው ቢቆምበት እንደማይሰበር፣ የከዳኝ ኮላው እንጂ ውፍረቱ እንዳልሆነ በዝናብ መሐል ቆሜ ላስረዳ? ዝምታዬን ሰው እንደ መሰለው ተረጎመው።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ የዚያ ዓመት ጉድ እኔ ሆንኩ። "የአባቱን ሬሳ ሣጥን ሰርቆ ጊታር የሠራ" የሚለው ወሬ ከእኔ ቀድሞ ገበያ ይደርስ ነበር። የአባቴን የነፍስ አባት ጠየቅኋቸው፤ "ስለ እንጨት የነገሩኝ የለም፣ ልጄ" አሉኝ። ጊታር የሚገዙኝ የጦር ትምህርት ቤቱ ዕጩ መኮንኖች ሳይቀሩ "ይኸኛው ጊታር ከአባትህ ሣጥን ከየትኛው ወገን ነው?" እያሉ ተሳሳቁብኝ። እህል ነጋዴው ጎረቤቴ ሐረሪ ሽማግሌ ናቸው፤ ሱቄ ገብተው እንዲህ አሉኝ፦ "እኛ ሟችን በከፈን ሸፍነን ነው የምንሸኝ፤ በጣውላ የተጣላ ወንድምና እኅት አላየሁም። ሰብር አድርግ፣ ታገሥ፣ አላህ ያውቃል።" አላህ ማወቁን አልተጠራጠርኩም። እኔ የፈለግሁት እትዬ እንድታውቅ ነበር።

ሐሜቱን እችለው ነበር፤ እሷን ነው ያልቻልኩት። በአርባው ዕለት ምግብ ስታቀርብልኝ ፊቴን ሳታይ፣ እንደ ሩቅ እንግዳ አስቀምጣልኝ ሄደች። መንገድ ላይ ስንገናኝ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ትስባለች። ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ላክሁ፤ "ከወንድሜ ጋር ጠብ የለኝም" ብላ መለሰቻቸው፣ እሱ ደግሞ ከጠብ የባሰ ነው።

ጊታሩን ሠራሁት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ድርሻዬን እንደገና ሰንጥቄ ጀርባውን አጋጠምኩት፤ ሞገዱ ከመሐል ተነሥቶ ወደ ሁለት ጎን ሲሄድ ያየ ሁሉ ይቆማል። በሕይወቴ ከሠራሁት የሚበልጥ ነው፤ በንዴት ስለሠራሁት ይሁን በሐዘን አላውቅም። ክሩን ወጥሬ መታሁትና አልቃሻ ይሁን ሣቂታ መለየት አቃተኝ። የሚገዛው አልተገኘም፤ ቢገኝም አልሸጠውም ነበር።

ሙት ዓመታቸው ባለፈ ሰሞን፣ ገበያው ደርቶ ሳለ፣ እትዬ ሱቄ በር ላይ ቆማ አየኋት። ወንበር አቀረብኩ፣ አልተቀመጠችም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጊታር ጀርባውን አዙራ አየችው። ዓመት ሙሉ ለብቻዬ ስለማመደው የኖርኩት ቃል ወጣ፦

"እትዬ፣ በእናታችን አጥንት እምልልሻለሁ፣ አባባ በገዛ አፋቸው..."

"አውቃለሁ" አለች።

የሰማሁትን አላመንኩም።

"ካንተ በፊት ለእኔ ነው የነገሩኝ። 'ግማሹን ለዚያ ልጅ ልሰጠው አስቤያለሁ' አሉኝ። ያን እሑድ ቤተ ክርስቲያን የቆየሁት እንዲመቻችሁ ብዬ ነው።"

"ታዲያ በሰው ፊት ለምን?" ጮኽኩ። ገበያተኛው ዞሮ አየኝ፤ ግድ አልሰጠኝም። "ዓመት ሙሉ ሌባ ተብዬ ስኖር እያወቅሽ ዝም አልሽ?"

እሷ አልጮኸችም። "ሳገባ" አለች፣ "ከዚያ እንጨት የልብስ ሣጥን ይሠራልኝ ብዬ እግራቸው ላይ ወድቄ ለምኛቸው ነበር። 'የሬሳዬን እንጨት ለጨርቅ?' ብለው ከፊታቸው አባረሩኝ። ልብሴን በአንሶላ ቋጥሬ ሄድኩ፤ በአንሶላ ቋጥሬ ተመለስኩ። መጨረሻ ላይ ሲቃዡ እንኳ ውኃ የሚሉት እኔን ነው። ላንተ ሲሆን ግን ተሰነጠቀ። ያን ቀን ጠርዙን ስለካው፣ እንጨቱ ለካ ለሁለት ይበቃ ነበር አልኩ፤ አፌ ከዚያ ወዲያ የተናገረውን አላዘዝኩትም።"

ከጥግ የተረፉትን ጣውላዎች አወጣሁ፤ ጥቂት ናቸው፣ ግን ይበቃሉ። "የልብስ ሣጥንሽን አሁን እሠራልሻለሁ፣ ዛሬውኑ እጀምረዋለሁ" አልኳት።

እትዬ ጣውላውን አየች፤ ዓመት ሙሉ ያላወለቀችውን ጥቁር ቀሚሷን ወደ ታች አየች።

"አሁን ምን ልብስ ልከትበት?" አለች።