ጋሽ ተሰማ ቁርስ የበሉ ዕለት

ወሬውን የሰማሁት ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ነው። ጫማዬን ከበሩ ሥር ስፈልግ ሰብለ መጣች። ሰብለን ሰንበት ትምህርት ቤት ሳለች ጀምሮ አውቃታለሁ፤ አሁን ነርስ ሆናለች። «እትዬ ጸዳለ፣ የሾፌሮቹ የጤና መጠይቅ እንደገና ሊጀመር ነው። አማርኛውን አንዴ ይዩልኝ» አለችና ስልኳን እጄ ላይ አኖረችው።

መነጽሬን አድርጌ አነበብኩ። ስለ እንቅልፍ ይጠይቃል፣ ስለ ድካም፣ ስለ ሐሳብ፣ ደስታ ስለማጣት። ደህና ነው እያልኩ ወደ ታች ስወርድ ሰባተኛው ላይ ዓይኔ ቆመ። «ባለፈው ሳምንት ምግብ ሳይበሉ የዋሉበት ቀን ነበር?» ይህን ጥያቄ ከብዙ ዓመት በፊት አውቀዋለሁ።

«የምትጀምሩት መቼ ነው?» አልኳት።

«ጾሙ እንደገባ። ሾፌሮቹ ያን ጊዜ ረጋ ይላሉ፣ ለመጠየቅ ይመቻሉ።»

ስልኩን መለስኩላትና ቤቴ ገባሁ። ምሳ ቀርቦልኝ ነበር፤ ሳልነካው ተነሣሁ።

ያን ጊዜ ወጣት ነበርኩ። ከደሴ ወደ ጅቡቲ የመጣሁት አክስቴን ተከትዬ ነው። እሷ ሜኔሊክ አደባባይ አጠገብ ባለ ጨርቅ ቤት ትሸጣለች፣ ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር በአንዲት ጠባብ ክፍል እንኖራለን። ማታ ማታ በራችንን ከፍተን ከባሕር የሚመጣውን ትንሽ ነፋስ እንለምናለን። ለዚህ ከተማ ሙቀት የደሴ ሰው አልተፈጠረም፤ ይኸው ግን ፀጉሬ እዚሁ ሸበተ። አማርኛ አንብቤ ስለምጽፍና ፈረንሳይኛም ጥቂት ስለምሞክር ሥራ አገኘሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ የኢትዮጵያ ከባድ መኪኖች ተራ በሚጠብቁበት ሜዳ ዳር፣ አንዲት የሾፌሮች ክሊኒክ ተከፍታ ነበር። የኔ ሥራ ሾፌሮቹን መጠየቅ ነው። መልሳቸው ይደመራል። ድምሩ ከፍ ያለበት፣ ማለትም ኑሮው የከፋበት፣ መሪ ከመያዙ በፊት ሐኪም ያየዋል። ዝቅ ያለው «ደህና ነው» ተብሎ ማኅተም ይመታለትና ይሄዳል።

ሜዳው ናፍጣና ጨው ይሸታል። ሾፌሮቹ ወደቡ እስኪጠራቸው ቀኑን ተሳቢው ሥር ምንጣፍ አንጥፈው ይውላሉ፤ ቡታ ጋዝ ለኩሰው ያበስላሉ፣ ካርታ ይጫወታሉ፣ ይተራረባሉ። በዐቢይ ጾም ግን ሜዳው ጠባዩን ይለውጣል። መንገደኛ ጾም አይያዝም የሚል አይጠፋም፤ እዚያ ሜዳ ላይ ግን ከክርስቲያኖቹ የማይጾሙት በጣት ይቆጠራሉ። ይህም በጋሽ ተሰማ ምክንያት ነው። ጋሽ ተሰማ አንጋፋ ሾፌር ናቸው፤ አጭር፣ ደንዳና፣ ድምፃቸው ቀስ ያለ። ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መኪናቸው ላይ ወጥተው ጥሩምባውን አንዴ ረዘም አድርገው ይነፉታል። ያኔ ሜዳው ሁሉ እጁን ታጥቦ ወደ ምስሩና ወደ ፉሉ ይቀርባል። ሙስሊሞቹ ሾፌሮች «የተሰማ አዛን ተሰማ፣ ብሉ እንግዲህ» እያሉ ይስቃሉ፤ ባጌት ዳቦ ቆርሰው የሚያቀብሉትም እነሱው ነበሩ። ያን ጥሩምባ ስሰማ እኔም ልቤ ይረጋ ነበር። አገሬ የቀረ ደወል ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ዓመት ከገና በኋላ የጋሽ ተሰማ ባለቤት አረፉ። ወሬው ለጋሽ ተሰማ የደረሳቸው ወደቡ ላይ ተራ ሲጠብቁ ነው፤ ቀብሩ አመለጣቸው። አልቅሰው አላየናቸውም። ጾሙ ሲገባ ጥሩምባቸውን እንደ ወትሮው ነፉ፣ እኛም ደህና ናቸው አልን።

ከደብረ ዘይት ሰንበት ቀጥሎ ባለው ረቡዕ ማለዳ ቅጾቼን ይዤ ስመጣ፣ ጋሽ ተሰማ ሻይ ቤቱ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው እንቁላልና ቅቤ የተቀባ ባጌት አለ። እየበሉ ነው። ዓይኔን ወዴት እንደማደርገው ጠፋኝ።

«ጋሽ ተሰማ፣ ደህና አደሩ?»

«ይመስገን። ነይ ተቀመጪ ልጄ። ለመጠይቅሽ ተራዬ ዛሬ ነው አሉኝ።»

ጠየቅኋቸው። እንቅልፍ እንቢ ብሏቸዋል። ደስ የሚላቸው ነገር የለም። ሌላውን «የለም፣ የለም» እያሉ አሳለፉት። ሰባተኛው ላይ ስደርስ፣ «ሳልበላ? ይኸው እየበላሁ አይደል እንዴ፣ ዓይንሽ የት አለ?» አሉኝ። ሳቅ ጀመሩና መሃሉ ላይ ተዉት።

«አሞዎት ነው? የንስሐ አባትዎ ፈቀዱልዎ?» አልኩ፤ ይህ ከመጠይቁ ውጪ ነው።

«የምን ሕመም። ጾም እኮ ልጄ፣ ፋሲካን ለሚጠብቅ ሰው ነው።»

ፍርፋሪውን ከጭናቸው አራግፈው ተነሡ። ይህን ቃል የምጽፍበት ቦታ ቅጹ ላይ አልነበረም። ደመርኩ። ሐኪም ዘንድ ለመላክ አንዲት «አዎ» ጎደለቻቸው። ማኅተም ተመታላቸው።

እኩለ ቀን ላይ ቅጾቹን ይዤ ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው ሰፈር ወደሚገኘው የክሊኒኩ ቢሮ ሄድኩ። እዚያ የምትጠብቀኝ ሂንዳ ናት። ሂንዳ የጅቡቲ ልጅ ናት፤ እናቷ ድሬዳዋ ስላደጉ አማርኛዋ የድሬ ነው። ክሊኒኩ የቀጠራት መጠይቁ የሚለካውን በትክክል መለካቱን እንድትመረምር ነው። የዚያን ዕለት ፊቷ ልክ አልነበረም። በሩን ዘጋችው።

«ጸዳለ፣ አቦ አትቀየሚኝ። ሰባተኛውን ስትጽፊ አዎና የለምን አገላብጠሽው ይሆን?»

«አላገላበጥኩም።»

«ወይስ ሳትጠይቂ የሞላሽው አለ? እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ አለቆቹ መጀመሪያ የሚጠረጥሩት ጠያቂዋን ነው። ቀድሜ ልጠይቅሽ ብዬ ነው።»

ሥራውን ባጣ የአክስቴ ሸክም መሆኔን አሰብኩ፤ ከዚያ ደግሞ የጠዋቱ ባጌት ፊቴ ላይ መጣ፣ ስለ ራሴ ማሰቡ ተወኝ። «እንዴት አወቅሽ? አሳዪኝ» አልኳት።

ኮምፒውተሯን ወደ እኔ አዞረችው። «እዪ። ሰባተኛውን ትቼ ሰዎቹን በቀሩት መልሶቻቸው ደረደርኳቸው። ደህና የሆኑት በግራ፣ የከፋባቸው በቀኝ። ከዚያ በየቡድኑ ስንቱ ለሰባተኛው አዎ እንዳለ አየሁ። ሌሎች ሰዎች ሲሠሩት መስመሩ ይህን የመሰለ ቅርጽ ይኑረው ብለው ነው የሚጀምሩት። እኔ ቅርጽ አላዝም። ይጉበጥ፣ ደረጃ ይሥራ፣ ረጅም መንገድ ሜዳ ይሁን፣ እንደ ፈለገው። አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምነው፤ ወደ ቀኝ ሲሄድ አይውረድ። ሰው በከፋው ቁጥር አዎ ማለቱ መጨመር አለበት፣ ቢያንስ መቀነስ የለበትም። የሁሉም ጥያቄ መስመር እሺ ብሎኛል። ይኼኛው ግን እዪው።»

መስመሩ ከግራ ከፍ ብሎ ተነሥቶ ወደ ቀኝ ይወርዳል። እንደ ቁልቁለት።

«ደህናዎቹ ናቸው ሳይበሉ ዋልን የሚሉት» አለች። «የከፋባቸው ይበላሉ። ይኼ እንዴት ይሆናል?»

መስመሩን ከግራ ወደ ቀኝ በጣቴ ተከተልኩት። «ሂንዳ፣ ጾም ላይ ነን።»

ቅጾቹ ላይ ሃይማኖት ተጽፏል፤ ክርስቲያኖቹንና ሙስሊሞቹን ለየቻቸውና እንደገና መስመሩን አሠራችው። የሙስሊሞቹ እንደሌሎቹ ጥያቄዎች ወደ ላይ ወጣ። የእኛዎቹ ወረደ። «ወላሂ» አለች ቀስ ብላ። «በረመዳን ብንጠይቅ የኛም እንዲህ ይወርድ ነበር። ለዚህ ነው ሐኪሙ፣ በሬ የሚያህል ጎረምሳ ለምን ትልኩብኛላችሁ እያለ የሚጮኸው። ትንሽ የደከመውን ጾመኛ ሁሉ በሽተኛ ብለን ልከንበታል።»

እሷ ሳቀች፤ እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ጾመኛው ሐኪም ዘንድ ከሄደ፣ ጾሙን የተወው የት ሄደ? ጋሽ ተሰማ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ጾም አፍርሰው አያውቁም። የበሉት ምግብ «ደህና» አሰኝቶ መሪ አስጨበጣቸው። የነገሩኝን ቃል ለሂንዳ ነገርኳት። ሳቋ ጠፋ። ቅጻቸውን ፈልጋ ሰባተኛውን አውጥታ ደረደረችው፤ ስማቸው ወደ ቀኝ ካሉት ሰዎች መካከል ገባ።

«መቼ ነው የሚወጣው?» አለችኝ።

«እንደተጫነላቸው።»

ወደ ክሊኒኩ ደወለች፤ የሚያነሣ የለም። ያን ጊዜ ሞባይል ገና በየኪሱ አልገባም። የታክሲ ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ። መንገዱን ሁሉ ውዳሴ ማርያም ጀምሬ የት እንደደረስኩ እየጠፋኝ ደግሜ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። በዊንዶው የሚገባው አየር እንደ ምድጃ ነው። ከፊት ለፊታችን ተጭነው የሚወጡ መኪኖች ባየሁ ቁጥር ታርጋቸውን ለማንበብ አንገቴን አወጣለሁ። ባለታክሲው በሶማሊኛ የሆነ ነገር አለኝ፤ ተቀመጪ ማለቱ መሰለኝ።

ሜዳው ላይ ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ሾፌሮቹ ምግባቸውን ከበው ተቀምጠዋል፤ ምስሩ ቀዝቅዞ ላዩ ስስ ቆዳ ይዟል። ማንም አልነካውም። ቀጭኔ የምንለው ረጅሙ ሾፌር ሲያየኝ፣ «መርማሪዋ መጣች። ዛሬ ደግሞ ምን ልትጠይቂን ነው? ሚስቶቻችንን እንወዳለን ወይ?» አለ።

ሌላው ቀጠለ፣ «እሱን ሚስቱን ጠይቂያት።»

«ጋሽ ተሰማስ?» አልኩ።

«ወጣ እኮ። ቅድም ተጭኖ ሄደ። ደህና ዋሉ እንኳን አላለን፤ ጥሩምባውንም ይዞብን ሄደ፣ ይኸው ማን ይንፋልን ብለን እንከራከራለን» አለ ቀጭኔ።

«ሐኪሙ ይፈልጋቸዋል።»

ፊቴን አየ። «ክፉ ነው?»

የቅጹን ነገር ለሌላ ሰው መናገር አይፈቀድልኝም፤ ሻይ ቤቱ ውስጥ በዓይኔ ያየሁት ግን የቅጽ ነገር አይደለም። «አላውቅም። ብቻ ጠዋት በልተዋል» አልኩ። «እንቁላል።»

ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገም። ካርታ የያዘው ካርታውን አስቀመጠ። ቀጭኔ ውኃ እንኳን ሳይጠጣ ተነሣ፤ ተሳቢውን ፈትቶ የፊቱን መኪና ብቻውን አስነሥቶ በአቧራው ውስጥ ወጣ። ሌሎቹ ቆመው አዩት። ከዚያም አንዱ «እንብላ እንግዲህ» አለ፤ በየራሱ ጊዜ፣ ያለ ጥሩምባ፣ ትንሽ ትንሽ በሉ።

እኔ ክሊኒኩ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። የጋሽ ተሰማ መኪና የነበረበት ቦታ የዘይት ነጠብጣብ ብቻ ቀርቶበታል፤ እሱን እያየሁ ስለ መንገዱ ቁልቁለቶች አስባለሁ፣ መሪ ስለያዘና ፋሲካን ስለማይጠብቅ ሰው አስባለሁ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ከኢትዮጵያ በኩል የሚመጣ ሾፌር ገባ። ጠየቅነው። መንገዱ ላይ ያለችውን ወአን አለፍ ብሎ ሁለት መኪኖች ዳር ይዘው ቆመው አይቷል። ጎማው ጥላ ሥር ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል፣ አንደኛው በጣም ረጅም ነው።

«ተበላሽቶባቸው ነው?» አለው አንዱ።

«መኪናውስ ደህና ነው። እርዳታ ትፈልጋላችሁ ብላቸው እለፍ አሉኝ። ዝም ብለው ተቀምጠዋል።»

የማውቀው እዚህ ላይ ያበቃል። የጋሽ ተሰማን መኪና ሌላ ሾፌር ነዳው። እሳቸው አዳማ ልጃቸው ዘንድ ገብተዋል አሉ፤ በዓይኑ ያየ ግን አላገኘሁም። ቀጭኔ በሱዳን መስመር ተመደበ፣ ወደ ሜዳው አልተመለሰም። ሂንዳ ሰባተኛውን ከመጠይቁ አወጣችው፤ ኋላ ለትምህርት ባሕር ተሻገረች። ክሊኒኩም ተዘጋ። ያ ጥያቄ ግን የሆነ ቦታ ተቀምጦ ቆይቶ፣ ይኸው በሰብለ ስልክ ተመልሶ መጣ።

ሰኞ ጠዋት ደውዬ ይህንን ሁሉ ነገርኳት። «እትዬ፣ መጠይቁ እኮ በብዙ አገር ተፈትኖ ልክ ሆኗል» አለችኝ። አልዋሸችም። እዚያ ልክ ይሆናል። እዚህ፣ በዚህ ወር፣ እነዚህን ሰዎች ሲጠይቁ ምን እንደሚሆን ግን መስመሩን ሳያዩ አትመኑት አልኳት። ለአለቆቿ እንደምትነግር ቃል ገብታለች። ጾሙ እየቀረበ ነው፤ እስከዚያ እንቅልፍ የለኝም።

ይህን የምታነቡ፣ ያን ዓመት በሜዳው ላይ የነበራችሁ ሾፌሮች፣ በተለይ አንተ ቀጭኔ፣ በሕይወት ካለህ፣ ወይም ልጆችህ ይህን ካነበቡልህ፤ ጎማው ጥላ ሥር የተነጋገራችሁትን አልጠይቅህም፤ እሱ የሁለታችሁ ነው። አንድ ነገር ብቻ ላኩልኝ፤ ካርቲየ 1 መጥታችሁ ጸዳለ ብትሉ ሰዉ ያሳያችኋል። ከዚያ በኋላ በመጣው ዓመት ጾም፣ አዳማም ይሁን የትም፣ ጋሽ ተሰማ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይተው ነበር ወይ?