ሳያንኳኳ የሚገባው ስልክ

ጊዜው በኛ አቆጣጠር 2012 ነው፤ እኔ ስልሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ባሕሪ፣ ከሱዳን ዋና ከተማ ከወንዙ ማዶ ነው። ሱዳኖቹ መንግሥታቸውን ገልብጠው፣ ሌላ ተተክቶ፣ ገና እፎይ ሳንል ኮሮና መጣ። ትምህርት ቤቱም ተዘጋ፣ እኔ የምጠብቀው ጋራዥም ተዘጋ። ያን ሰሞን የገጠመኝን የማልረሳው አንድ በአካል አግኝቼው የማላውቅ አስተማሪ በአንድ ጥያቄ አፌን ስላስያዘኝ ነው። እኔ ደግሞ አፌን በቀላሉ የምይዝ ሰው አይደለሁም።

የልጄ የዘይነብ ልጅ ዛህራ እዚያው ባለው የአበሻ ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ነበረች። እሷና እናቷ ከሁለት የወሎ ሴቶች ጋር በአንድ ክፍል ይኖራሉ። እኔ ደጅ፣ የሳር ጥላው ሥር አድራለሁ። እዚያው ሐውሽ በሚሉት ግቢ ውስጥ ማዶ ያለውን ክፍል መንገደኛ ጎረምሶች ተከራይተውታል። የቀን ሥራ ስለጠፋ ከጠዋት እስከ ማታ ግቢው ውስጥ ካርታ ይጫወታሉ።

ትምህርቱ በስልክ ይሆናል ተባለ። አልወደድኩትም። ባለፈው ዓመት ሰልፉ ሲበረታ ወታደሮቹ ሸበካውን፣ ኔትወርኩን፣ ቆርጠውት የአገር ቤት ድምፅ እንኳ ሳንሰማ ከርመናል። ሹም በተቆጣ ቁጥር የሚጠፋ ነገር ትምህርት ቤት ይሆናል? አልኩ። የሰማኝ የለም።

እኔም ሁለት ነገር ከለከልኩ። አንደኛ፣ ዛህራ ጎረምሶቹ ባሉበት ደጅ ተቀምጣ አትማርም። ሁለተኛ፣ ክፍል ውስጥ ስትማር የስልኩ ዓይን ሴቶቹን አያይም። ሥራ ቀርቶባቸው ቤት የዋሉ ናቸው፤ ፀጉራቸውን ገልጠው ይተኛሉ፣ ይለባብሳሉ። ወንድ አስተማሪ ሳያንኳኳ እንዴት ይገባባቸዋል? ሴቶቹም "አባ ይማም እውነታቸውን ነው" አሉ። ስለዚህ ዛህራ ስልኩን ወደ ጣሪያው አዙራ መማር ጀመረች።

አስተማሪው የሚያየው የጣሪያውን ማራገቢያ ብቻ ነው። ልጆቹም "ማራገቢያዋ መጣች" እያሉ ይስቁባት ነበር አሉ። ይህን የሰማሁት ኋላ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት ዛህራ እያለቀሰች ወጣች። አስተማሪው "ፊቱን ያላየሁትን ለሚኒስትሪ ፈተና አላስመዘግብም፤ ነገ የመጨረሻ ነው" ብሏል። ዘይነብ ደነገጠች። የምትሠራበት ቤት ማዳም "ልጅሽን አምጪልኝና ካንቺ ጋር ትሥራ" እያለች ስትጎተጉታት ነው የከረመችው።

"አባዬ፣ እኔ የማጥበውን ሰሃን እሷም ልታጥበው ነው?" አለችኝ።

"በይ ደውዪለት" አልኳት። ደውላ የስልኩን ድምፅ ለቀቀችው፤ ሐውሹ ሁሉ ይሰማል።

"ስማ ወንድሜ፣ ሰው ቤት ስትሄድ ደጅ ቆመህ አትጣራም?"

"እጣራለሁ አባባ።"

"ታዲያ ይሄ ስልክህ ለምን አይጣራም?"

ሳቀ። "ሴቶቹን ከእኔ ይጠብቃሉ፤ ልክ ነዎት። ልጅቷን ከጎረምሶቹ ይጠብቃሉ፤ እሱም ይሁን። ልጅቷ ታዲያ የት ትማር?"

ክፍሉንም ደጁንም ዞር ብዬ አየሁ። ዘይነብ ታየኛለች። ከካርታ ተጫዋቾቹ አንዱ፣ የኮምቦልቻ ልጅ፣ "አባ ይማም፣ ማራገቢያው ላይ ይስቀሏት!" ብሎ ሰዉን አሳቀው።

"መስቀልስ አንተን ነበር" አልኩት። የአስተማሪው ጥያቄ ግን እንደቆመ ነው።

ዛሬም ቢሆን ስልክ ማንኳኳት ይማር ባይ ነኝ፤ ከዚያ ነቅነቅ አልልም። ግን ትምህርት ቤት ማለት ለልጅቷ የምትቀመጥበት ቦታ ጭምር እንደነበር ያወቅሁት ስልኩ መጥቶ ቦታ ሲጠይቀን ነው። ሰዎች ልጆቹ ለዚህ ትምህርት ተዘጋጅተዋል ወይ ሲባባሉ እሰማለሁ። ዛህራማ ከመጀመሪያውም ቀን ተዘጋጅታለች። አራት ሴት በአንድ ክፍል ያሳደርን፣ ጎረምሳ በደጃችን ያከማቸን እኛ ነን።

በማግስቱ ጠዋት የገመድ አልጋዬን ጎትቼ ከሐውሹ ግንብ ጋር አስጠጋሁት። ጎረምሶቹን "ያላ፣ ወይ ካርታችሁን ይዛችሁ ውጡ፣ ወይ አንገታችሁን ደፍታችሁ ተማሩ" አልኳቸው። ሌሎቹ ወጡ፤ የኮምቦልቻው ልጅ ቁጭ አለ። ስልኩ ከግንቡ ሌላ እንዳያይ ዛህራን ግንቡን አስደግፌ አስቀመጥኳት፤ እኔም ከጎኗ ተቀመጥኩ። አስተማሪው ገና "እንደምን አደራችሁ" ሲል እንደ ክፍሉ ወግ ብድግ አለች፤ ለካ ስትቆም ለስልኩ የሚታየው ቀሚሷ ብቻ ነው። ጎትቼ አስቀመጥኳት።

"ዛህራ!" ብሎ ተጣራ።

"አቤት! አለች!" አልኩ፣ ከእሷ ቀድሜ።