ሳል ያለበት ካሴት

ባለፈው ሳምንት ለደም ምርመራ እዚሁ ደብረ ብርሃን አንድ ክሊኒክ ገብቼ፣ ነርሷ አልኮል በነካ ጥጥ ክንዴን ስትጠርገው ሽታው አፍንጫዬ ከመግባቱ ክሊኒኩ ጠፋብኝ። መርፌው ዓይኔ እያየ ከማሸጊያው እንዲወጣ አስቀድሜ ጠይቄ ስለነበር ልጅቷ ትንሽ አኩርፋብኛለች፤ ምን ላድርግ፣ መጠራጠር ከቁመቴ ቀጥሎ ከአባቴ የወረስኩት ነገር ነው። እሷ ደም ሥሬን ስትፈልግ እኔ ግን ከመናኸሪያው ጀርባ ወደነበረችው ጠባብ ካሴት ቤታችን ተመልሼ፣ አባቴ በዚያው ዓይነት ጥጥ የቴፑን ሆድ ዕቃ ሲያጸዳ እያየሁት ነበር።

ጠዋት ጠዋት ሱቁን ከፍቶ መጀመሪያ የሚሠራው ይህንኑ ነበር። ጥጡን ጠቅልሎ፣ አልኮል አስነክቶ፣ ካሴቱን የምታነበውን ትንሽ ብረት የሕፃን ጆሮ እንደሚጠርግ ሰው ቀስ አድርጎ ያሻታል፤ ጥጡ ቡናማ ሆኖ ሲወጣ ደስ ብሎት ለእኔ ያሳየኛል። ከወለል እስከ ጣሪያ ተጠጋግተው የተደረደሩት ካሴቶች ፀሐይ ሲነካቸው የሚያወጡት የፕላስቲክ ሽታ፣ ከውጭ የሚገባው የናፍጣ ጭስና ያ አልኮል ተቀላቅለው የልጅነቴን አየር ሠርተውታል። አባቴ የታሸገ አዲስ ካሴት ይሸጥ ነበር፤ ሱቁን በእግሩ ያቆመው ግን የታሸገው ካሴት አልነበረም። ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል የሚወርዱ የከባድ መኪና ሹፌሮች እንቅልፍ የሚያባርር ዘፈን ብቻ ተለቅሞ በአንድ ካሴት እንዲቀዳላቸው ያዝዛሉ፤ ሰርግ ያለበት ቤተሰብ ጭፈራ ጭፈራው እንዲመረጥለት ይመጣል፤ አባቴም ባዶ ካሴት ከቶ፣ ከዚህም ከዚያም እየቆነጠረ ይቀዳል። ዘፋኞቹ ምን ይሉ ይሆን ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም፣ ከሁሉም በላይ ያልጠየቀው ደግሞ አባቴ ነው። ይህ ሰው ኋላ ላይ የዘፈን ዘበኛ መሆኑ ዛሬም ያስቀኛል።

ጋሼ ከማል የግድግዳ ጎረቤታችን ነበር፣ ግድግዳ ከተባለ፤ የእኛን ሱቅ ከእሱ ሬዲዮ መጠገኛ የሚለየው ኮምፔንሳቶ ብቻ ስለሆነ እሱ ሲያስነጥስ አባቴ ከዚህ ወዲያ "ይማርህ" ይለዋል። ትውልዱ አሊዩ አምባ ነው፣ ከዚያ ቆላ ወጥቶ የደብረ ብርሃንን ብርድ ሲረግም የኖረ፣ ከነሐሴ እስከ ነሐሴ ካፖርቱን የማያወልቅ ሰው። አባቴን ደምሴ ብሎ ሙሉ ስሙን ሲጠራው ሰምቼ አላውቅም፣ ደምስ ነበር የሚለው። ዓርብ ለጁምዓ ሲሄድ ሱቁን ለአባቴ ጥሎለት ነው፣ እሁድ ጠዋት ዕቃ ለማራገፍ የሚመጣ መኪና ካለ ደግሞ አባቴ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ጋሼ ከማል የእኛን በር ይከፍታል፤ አንዱ የሌላውን ቁልፍ በኪሱ ይዞ ይዞራል፣ ማን መቼ እንደሰጠውም የሚያስታውስ የለም።

ከዚያ ኮምፒውተሩ መጣ። ጋሼ ከማል ሬዲዮ የሚያስጠግን ሰው ሲቀንስበት አንድ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝቶ "ሚሞሪ እንጭናለን" የሚል ጽሑፍ በሩ ላይ ለጠፈ። መጀመሪያ አባቴ ራሱ ስልክ ይዞ የመጣውን ሁሉ "እዚያ ከወንድሜ ጋ" እያለ ይልክለት ነበር። ቆይቶ ግን ወደ እኛ የሚገባው ሰው ሁሉ አቅጣጫ ጠያቂ ብቻ ሆነ። አንድ ካሴት ሙሉ ዘፈን ይፈልጉ የነበሩት ሹፌሮች እንኳን ጥፍር በምታክል ነገር አንድ ካሴት ቤት ሙሉ ዘፈን አስጭነው መሄድ ጀመሩ። የአባቴ ጠባይ ተለወጠ። ባዶ ብርጭቆ ኮምፔንሳቶው ላይ ደግኖ፣ ጆሮውን ብርጭቆው ላይ ለጥፎ፣ ወዲያ ማዶ ምን እየተጫነ እንደሆነ ያዳምጣል፤ እኔ ካሳልኩ በዓይኑ ይገርፈኛል። የእኛን መደርደሪያ ዘፈን ከሰማ "ይኸው!" ይላል በሹክሹክታ፣ ራሱ ያንኑ ዘፈን ሲቀዳ እንደዋለ ረስቶ።

በዚህ መሐል ነው አጎቴ ስንታየሁ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ከአንኮበር ድምፁን ይዞ የመጣው። ድምፅስ ነበረው፤ ሰርግ ቤት ሲያዜም አሮጊቶች ጎንበስ ብለው እጃቸውን የሚስሙለት ዓይነት ነው። አባቴ ሱቁን የሚያድነው ይህ ልጅ ነው ብሎ ካሴት አስቀረጸው፣ ያለንንም ሁሉ እዚያ ላይ አፈሰሰው። ለጥር ሰርግ ታስቦ ከጥምቀት ጋር እንዲወጣ ተወሰነ፤ ከዚያ በፊት ከወጣ ሁላችንም እንደምንሰምጥ እኔ ልጅቷ እንኳን አውቅ ነበር። አባቴ ግን ከዋናው ቅጂ እየገለበጠ አስቀድሞ ለሦስት ሰው መስጠት ነበረበት፤ አንዱ ለዘፋኙ ለራሱ፣ አንዱ አውቶቡሱ ላይ እያሰማ ወሬ ለሚያስነሳ ሹፌር፣ አንዱ ደግሞ ድምፁ የት ላይ እንደሚሻክር ሰምቶ እንዲነግረው ለጋሼ ከማል። ሦስቱንም ያምናቸዋል፣ አያምናቸውምም። ስለዚህ አንድ እሁድ ከሰዓት በሩን ዘግቶ፣ ማይክሮፎን ሰክቶ፣ በየካሴቱ ላይ ምልክት አኖረ። በሹፌሩ ካሴት ላይ ዘፈኑ መሐል ጠረጴዛ ኳ አደረገ፣ በአጎቴ ላይ የቁልፍ ድምፅ አሰማ፣ በጋሼ ከማል ላይ ደግሞ ሳለ። ዘፈኑ ሾልኮ ቢወጣ ከማን እንደወጣ ምልክቱ ይነግረኛል ማለቱ ነው። የውሸቷ ሳል እውነተኛ ሳል ቀስቅሳበት እንባው እስኪወርድ ሲስል እኔ መሬት ላይ ተንከባልዬ ስቄያለሁ፤ እንደገና ከመጀመሪያው ቀዳው።

የገና በዓል ከመድረሱ በፊት፣ በገበያ ቀን፣ ከደነባ የመጡ አንድ ገበሬ ስልካቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው በሱቃችን ፊት ሲያልፉ አጎቴ ከደረታቸው ላይ ይዘፍናል። አባቴ ባዶ እግሩን ከሱቁ ዘሎ ወጣ። ሰውዬውን ለምኖ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ፤ እኔም አጠገቡ ቆሜ ሰማሁት። ሳሉ መጣች። እስከ ዛሬ ከልቤ ያልወጣው አባቴ መናደዱ አይደለም፣ መጀመሪያ ፊቱ ላይ የታየው ደስታ ነው፤ ያለንን ሁሉ ያጣንበት ሰዓት እንደሆነ እያወቀ፣ ጥርጣሬው ልክ መሆኑ ለአንድ አፍታ ደስ አሰኘው። ያን ፊት ያየሁበትን ቀን ባላውቀው እወድ ነበር።

አባቴ እየተሳደበ ሲገባበት ጋሼ ከማል ከኮምፒውተሩ ቀና ብሎ፣ ካፖርቱን እንደለበሰ፣ ስድቡን እስኪጨርስ አዳመጠው። "ደምስ፣ ወላሂ እኔ አልጫንኩትም" አለ። "ካሴቱ ላይ ሳል ሰማሁበት። ተበላሽቶብህ ነው የመሰለኝ። ሰው ሰምቶ እንዳይስቅብህ ብዬ፣ አንተ ሳታውቅ አስቀይረው ብዬ ለስንታየሁ ሰጠሁት።" አባቴ ሳቀበት። ወጥመዱን ራሱ ያጠመደ ሰው፣ ወጥመዱ የተበላሸ ካሴት መስሎት ሊሸፍንለት የሞከረ ጓደኛ አለ ብሎ እንዴት ያምናል? አጎቴ ተጠርቶ መጣና "እኔ ምንም የተቀበልኩት ነገር የለም" አለ፤ ይህን ሲል ጫማውን ነበር የሚያየው፣ እኔ አይቻለሁ፣ እናቴ ግን ድሮም ዓይን አፋር ነው አለች። የሥጋ ዘመድና የግድግዳ ጎረቤት ሲለያዩ ማን እንደሚታመን መቼም የታወቀ ነው።

አባቴ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ ነገረ። የገበያ ወሬ እግር አያጣም፣ ሌባ የሚለው ቃል ከእኛ ሱቅ ወጥቶ ጋሼ ከማልን መስጊድ ደጃፍ ድረስ ተከተለው። ጥር ሳያልቅ ኮምፒውተሩን በጋሪ ጭኖ ሲሄድ አባቴ ብርጭቆውን ደግኖ ጓዝ ሲጠቀለል ያዳምጥ ነበር፣ አንድ ጊዜ እንኳን ወጥቶ አላየውም። ጋሼ ከማል እኔን በር ላይ ሲያገኘኝ ቁልፋችንን ከኪሱ አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠና "ለአባትሽ ስጪልኝ" አለኝና ጋሪውን ተከትሎ ሄደ።

የአጎቴ ካሴት እንደታሸገ ሳጥን ሙሉ ቀረ። ዘፈኑ ግን ሳሉን እንደያዘ በየሰርጉ ድንኳን ተሰማ፣ አጎቴም በዚያው ስም አወጣና ከአንኮበር እስከ ደብረ ሲና ያለ እሱ የሚዳር ልጅ ጠፋ። አባቴም ኋላ ኮምፒውተር ገዝቶ "ሚሞሪ እንጭናለን" ብሎ ለጠፈ፣ ደግሞ ያም ቀረና የስልክ ልባስ ሻጭ ሆነ። ዛሬ ልጆቼ ዘፈን በቴሌግራም እየተላላኩ ይውላሉ፤ ዘፋኞች ቴሌቪዥን ላይ ወጥተው ተዘረፍን ሲሉ እሰማለሁ፣ የሚያጋሩት ሰዎች ደግሞ ዘፈን የተሠራው ለመሰማት ነው ሲሉ እሰማለሁ፣ እኔ ሁለቱንም እጠረጥራለሁ።

ነገሩ የወጣው እኔ ኮሌጅ ከገባሁ በኋላ በፋሲካ ምሳ ላይ ነው። አጎቴ ጠጅ ቀመስ አድርጎ፣ ዝናው እንዴት እንደጀመረ ሲያወጋ፣ እንደ ጨዋታ ጣል አደረገው፤ የራሱን ካሴት እናቱ እንድትሰማው አንኮበር ትቶት ስለነበር፣ ከማል አስቀይረው ብሎ የሰጠውን ወስዶ ደብረ ሲና አንድ ሚሞሪ ጫኝ ዘንድ አስገለበጠው። "ታሽጎ ሳጥን ውስጥ ቢቆይ ማን ያውቀኝ ነበር?" አለ እየሳቀ። ብቻውን ሳቀ። አባቴ ያነሳውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠና ሊታጠብ ወጣ፤ ለረጅም ጊዜም አልተመለሰም።

በበዓሉ ማግስት እኔን አስከትሎ በአንኮበር በኩል አሊዩ አምባ ወረደ። ጋሼ ከማል ገበያው ዳር ጨርቅ ይሸጣል። ካፖርቱ የለም፤ በነጠላ ሸሚዝ ሳየው ከሌላ ሰው ጋር የተገናኘሁ መሰለኝ። ሲያየን ተነሣ፣ ወንበር ጠረገ፣ "እንኳን ደህና መጡ አቶ ደምሴ" አለ። አባቴ ደንግጦ ቆመ። የመጣበትን ሁሉ ሲናገር፣ ይቅርታውን ሲለምን፣ ጋሼ ከማል አንገቱን አቀርቅሮ ሰማና "እኔ ለአላህ ብዬ የተውኩት ያኔውኑ ነው" አለ፤ እውነቱን እንደነበር ጥርጥር የለኝም፣ በሕይወቴ ካልጠረጠርኳቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው። ማርና ዳቦ አቀረበልን፣ ስለ ትምህርቴ ጠየቀኝ። አባቴ ለእናቴ በርበሬ ልግዛ ብሎ ቦርሳውን እሱ ዘንድ ትቶ እኔን ይዞ ወደ ገበያው ገባ፤ ቦርሳውን ሆን ብሎ እንደተወው የገባኝ ሲመለስ በነበረው አረማመድ ነው፣ እንደ ድሮው ቤቱ የሚገባ ሰው አረማመድ።

ጋሼ ከማል ቦርሳውን ካስቀመጥንበት ቦታ አላነሳውም ነበር። አጠገቡ የምትሸጠውን ሴትዮ "እስቲ አንድ ጊዜ እዚህ ቁሚልኝ" ብሎ ምስክር እንድትሆን ጠራትና ወደ አባቴ ዞሮ፣ ያለ ቂም፣ ለማንም እንደሚለው አድርጎ፣ "ከመሄድዎ በፊት ከፍተው ይዩልኝ አቶ ደምሴ" አለው። እንዳይከፍተው እጁን ልይዘው ፈልጌ ነበር። አባቴ ግን ተንበረከከና ዚፑን ከፈተ። ሹራቡን አወጣ፣ ጥላውን አወጣ፣ የእኔን ሻርፕ አወጣ፣ አንድ በአንድ ለሴትዮዋ አሳይቶ መልሶ አጠፈ፤ ሹራቡን መልሶ ሲከት እኔ አገዝኩት። ከዚያ ቀና ብሎ ሳያየው፣ "ሙሉ ነው ከማል" አለ፣ "ምንም አልጎደለም።"