«ሰው አለ» ያለው ማነው?

መርማሪዋ እንላታለን፤ እሷም ስሙን አትጠላውም። የእሳት አደጋ ሠራተኛ ናት፤ ሥራዋ ግን እሳት ውስጥ መግባት ሳይሆን የሚገቡትን መቁጠር ነው። እያንዳንዱ የሚገባ ሰው ቁጥሩ የተጻፈበትን መለያ ይሰጣታል። እሷ ሰሌዳዋ ላይ ትሰቅለዋለች፣ የገባበትን ሰዓት ትጽፋለች፣ በጀርባው የተሸከመው አየር ሳያልቅ ትጠራዋለች። ተመልካች ይህን የት ያውቃል? «ይቺ ደግሞ ቆማ ደሞዝ ትበላለች» ይላል። እኔ የውሃ ቦቴው ሾፌር ነኝ። አጠገቧ ስለምቆም ስድቡ ለእኔም ይተርፈኛል።

ዱሮ እሷም ትገባ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከአንድ ጓደኛዋ ጋር አንድ ቱቦ ይዛ ገብታለች። አንድ ቀን የእንግዳ ማረፊያ ሲቃጠል ሕዝቡ «ሰው አለ! ሰው አለ!» አለና ገቡ። ጣሪያው ወረደ። እሷ ጉልበቷ ተሰብሮ ወጣች፤ እሱ አልወጣም። አለ የተባለው ሰው ግማሽ ጺሙን ተላጭቶ ፀጉር ቤት ተገኘ፤ «ምን ተፈጠረ?» እያለ! ከዚያ ወዲህ «ሰው አለ» ያላትን ሁሉ ታፋጥጣለች።

ባለፈው ሰኞ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ተቃጠለ። ታቹ የጨርቅ ሱቅ፣ ላዩ መኖሪያ ነው። ባለሱቁ «እናቴ! እናቴ ላይ ናት!» እያለ መኪናችን ላይ ሊወጣ ምንም አልቀረው።

«የትኛው ክፍል ናቸው?» አለችው መርማሪዋ።

«ላይ አልኩሽ እኮ!»

«መጨረሻ ያየሃቸው መቼ ነው?»

«ሴትዮ፣ ልብ የለሽም እንዴ? እናቴ እየተቃጠለች ትመረምሪኛለሽ?»

ሕዝቡም አብሮ ወረደባት። አለቃችን ከእኛው ሠራተኞች ሁለት ልጆች አስገባ። መለያቸውን ሰቀለች፣ ሰዓቱን ጻፈች። ሰውየው እውነቱን ከሆነ እያንዳንዷ ጥያቄ እናቱን ትገድላለች፤ ከዋሸ ደግሞ ሁለቱ ልጆች በከንቱ ያልቃሉ። ሰሌዳውን ለእኔ አስይዛ እያነከሰች ሕዝቡን መጠየቅ ጀመረች።

ከመንገዱ ማዶ ካለው ፋርማሲ በር ላይ አንዲት አሮጊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ውሃ ይጠጣሉ።

«እማማ፣ ያን የሚጮኸውን ሰውዬ ያውቁታል?»

«ልጄ ነው» አሉ አንገታቸውን ደፍተው። «ዝም በይ አለኝ። ሰው አለ ካልተባለ ጨርቁ እስኪያልቅ አይገቡም ብሎ።»

ጨርቁ! መርማሪዋ ሬዲዮውን ከአለቃው እጅ ነጠቀች። «ውጡ! ሴትየዋ እዚህ ናቸው! አሁኑኑ ውጡ!»

አንዱ ሰምቶ ወጣ። ሁለተኛው መልስ አልሰጠም። ወዲያው ደረጃው ሲደረመስ መሬቱ ተነቃነቀ። ሰሌዳው ላይ አንድ መለያ ቀረ። እሷ ሰዓቷን ታያለች፣ እኔ እሷን አያለሁ።

ከአራት ደቂቃ በኋላ በጓሮ መስኮት በመሰላል አወረዱት። ሬዲዮው ሥራ አቁሞ ኖሯል፤ ምንም አልሰማም። ጓንቱ ቀልጧል። መርማሪዋ መለያውን ይዛ ስትጠጋው አልፏት በቀጥታ ወደ ባለሱቁ ሄደ።

«ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ» አለው እያሳለ። «አልጋ ስር ሳይቀር ፈልጌያለሁ። እናትህን አላገኘኋቸውም።»

ባለሱቁ ወደ ኋላ አፈገፈገ። የጓደኛችንን ክንድ የያዙት አሮጊቷ ናቸው።

«እኔ ነኝ የኔ ልጅ» አሉት። «የፈለግኸኝ እኔ ነኝ።»