መስቀልና ጫማ በአንድ ሳጥን

የእናቴ ታላቅ ወንድም ጎንደር፣ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ ቄስም መሪጌታም ናቸው። እኛ ቤት «አያ» ነው የምንላቸው። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ሲጋርዳቸው አዲስ አበባ ላሳክማቸው ተነሳሁ። በዚያ ሰሞን የመኪናው መንገድ ስለማያስተማምን በአውሮፕላን መሄድ ግድ ሆነብን።

አያ አውሮፕላን ተሳፍረው አያውቁም። ጥምጥማቸውን አሳጥበው፣ የእጅ መስቀላቸውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው መጡ። የአየር ማረፊያው የፍተሻ ሰልፍ ረጅም ነበር። ክንዴን ይዘው ወለሉን በእግራቸው እየዳበሱ ከፈታሹ ፊት ደረስን።

ፈታሹ ማስቲካውን እያመነዠከ መታወቂያቸውን አገላብጦ አየ። ፎቶው ጢማቸው ሳይሸብት፣ በባዶ ራሳቸው የተነሱት ነው።

«ይሄ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ ልጄ፤ ያን ጊዜ ጉልበት ነበረኝ።»

ከኋላችን የቆሙት ሳቁ፤ እሱ አልሳቀም። «ጥምጥሙን ይፍቱት።»

«ምነው፣ ለብቻ ክፍል ውስጥ ብታያቸው?» አልኩት።

«ሰልፉን አታይም?»

አያ ፈቱት። በባዶ ራሳቸው በሰው መሀል ቆሙ። ሰውየው አገጫቸውን ይዞ እንደ ገበያ በግ ወዲያና ወዲህ አዞራቸው። ከዚያ ጫማቸውን አስወልቆ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ከተተና ለመስቀሉ እጁን ዘረጋ።

«ልጄ፣ መስቀሉን ከጫማ ጋር አታድርገው» ብለው ለመኑት።

«ማሽኑ አይለይም» አለና ጨርቁን ፈቶ ጭቃ በያዘው ጫማ ላይ ጣለው።

ይሄኔ ስልኩን ጆሮው ላይ የለጠፈ ወፍራም ሰውዬ በገመድ በታጠረው የጎን መግቢያ መጣ። ፈታሹ እኛን ትቶ ሮጠ፣ ገመዱን አነሳለት፣ ቦርሳውን ተቀብሎ በማሽኑ ሳያሳልፍ ተሸክሞለት ገባ።

ሲመለስ «የእሱስ መታወቂያ?» አልኩት።

«እሱን የማያውቅ ማን አለ?»

«እኔ አላውቀውም» አሉ አያ፣ ባዶ እግራቸውን እንደቆሙ።

ፈታሹ ግን ጭራሽ አልገባውም። ዕቃችንን ሰብስበን ስንጨርስ ጎንበስ ብሎ፣ «አባ፣ ይባርኩኝ እንጂ» ብሎ ግንባሩን ወደ መስቀሉ አስጠጋ። ያን ጊዜ ምራቄ መረረኝ። አያ መስቀሉን ወደ ደረታቸው ሳቡና በባዶ እጃቸው ባረኩት። «እግዚአብሔር ይፍታህ። መስቀሉን ግን መጀመሪያ ላጥበው።» ፈታሹ ፊቱ ተቀያየረ፤ ቀጥሎ የቆመችውን ሴትዮ መታወቂያ ተቀበለ።

አዲስ አበባ ታክመው የቀኝ ዓይናቸው በራ፤ ግራው ዘግይቶ ነበርና አልዳነም። ወደ ጎንደር የምንመለስ ዕለት አንድ ዘመዳችን «የማውቀው ሰው አለ፤ በጎን በር እንዲያሳልፋችሁ ልደውልለት» አለኝ። የመጀመሪያው ቀን ትዝ ሲለኝ እሺ ልለው አፌን ከፈትኩ።

«ያ ሰውዬ በገባበት ዓይነት በር ነው?» አሉ አያ።

«አዎ።»

«ተወው፤ ያስጠላኛል። ከሰው ጋር እንሰለፍ።»

ተሰለፍን። የአዲስ አበባዋ ፈታሽ ፎቶውን አየች፣ እሳቸውን አየች፣ «ደህና ይግቡ አባቴ» ብላ አሳለፈችን። እኔ ግን እስካሁን ያንን የፕላስቲክ ሳጥን ባየሁ ቁጥር ያቅለሸልሸኛል።