ካምቢዮው ከወረደ በኋላ የሰማሁት

ትናንት ማርያም ነበረች። አማቴን ከኖፓ ወደ መቱ ሳመጣ ቁልቁለቱ ላይ አንድ ነገር ሰማሁ... እስካሁን ብቻዬን እየሳቅሁ ነው። ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ። ጣቴ ስልክ ላይ ዘገምተኛ ነው፣ ታገሱኝ።

አማቴ የባለቤቴ እናት ናቸው። ባለቤቴ ካረፈች አራት ዓመት ሆናት፤ የተቀበረችው መቱ፣ ማርያም ግቢ ነው። ልትሞት ሰሞን እጄን ይዛ «እናቴን በየወሩ አምጣልኝ» አለችኝ። እሺ አልኳት። እኔ ደግሞ እሺ ካልኩ አልኩ ነው።

ልጄ አዲስ አበባ ናት። የእኛን ጭቃ ታውቀዋለችና አራቱም ጎማ የሚጎትት ያገለገለ መኪና ገዝታ ላከችልኝ። አውቶማቲክ። የግራ ጉልበቴን አስባ ነው፤ ጭነት መኪና ስነዳ የተጎዳ ጉልበት ነው።

«አባዬ፣ ዲ ላይ አድርገህ ትሄዳለህ፣ ፒ ላይ ታቆማለህ፣ አር ወደ ኋላ ነው። ሌላውን አትንካ» አለችኝ።

አልነካሁም። ፊደሉ የፈረንጅ ነው፤ እኔ የአገሬንም ፊደል የለየሁት በመከራ ነው። ግን ይሄን ማንን እጠይቃለሁ? ሠላሳ ስምንት ዓመት መሪ ጨብጬ!

ባለፈው ወር ማርያም ዕለት ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ነበር። ቁልቁለቱን ስንጀምር መኪናዋ በዲ ዝም ብላ ትንደረደራለች። ፍሬን ስይዝ፣ ስይዝ... ፍሬኑ ሸተተ። ጭቃው ላይ ተንሸራተተችና የመንገዱን ዳር አፈር ተደግፋ ቆመች። ከአፈሩ ወዲያ ገደል ነው።

አማቴ ከኋላ ወንበር በኦሮምኛ «ያ ዋቃዮ!»፣ አምላኬ ሆይ፣ ብቻ አሉ። ከኋላ የሚቀመጡት ፊት ቦታ ጠቧቸው አይደለም። በእነሱ፣ በኦሮሞዎቹ ወግ አማትና አማች ጎን ለጎን አይቀመጥም፣ በስም አይጠራራም፣ «እንዲህ አድርግ» ብሎ ማዘዝማ የማይታሰብ ነው።

ልጄ ሰማች። «አባዬ፣ ሁለተኛ ብትንሸራተት መኪናዋን እሸጣታለሁ» አለች። ከተሸጠች ቃሌ ቀረ ማለት ነው። ያን መንገድ ክረምት ላይ የሚደፍረው ሞተር ብቻ ነው፤ የሰማንያ ዓመት ሴት ደግሞ ሞተር ላይ አላፈናጥጥ።

ጥፋቱን በመኪናዋ ላይ ጣልኩት። በማግስቱ ገመቹ የሚባል መካኒካችን ዘንድ ሄድኩ።

«ይቺን አውቶማቲክ አውርድና በእጅ የሚገባ ካምቢዮ ግጠምልኝ።»

«ጋሼ፣ ይቅርብዎ። ደህና ካምቢዮ እኮ ነው። ጉልበትዎስ?»

«ጉልበቴን የምትሸከምልኝ አንተ ነህ?»

መፍቻውን አነሳ። ከበደሌ፣ ከተገለበጠች አምሳያዋ ላይ ካምቢዮ ተገኘ። ሥራው ሦስት ሳምንት ፈጀ። ወለሉን ለማርሽ ዘንግ ቀደደ፣ በግራ እግር ለሚረገጠው ፍሪሲዮን ፔዳል ቦታ አበጀ፣ ሁሉንም ገጠመ። ቁልፉን ባዞር... አልነሳም አለች! ለካ ፊትም ፒ ላይ ካልሆነች አትነሳም ነበርና፣ የወረደውን ፒ እየፈለገች ነው። ገመቹ ሁለት ሽቦ አገናኝቶ አታለላት።

«አየህ፣ እሷም ግትር ናት» አልኩት።

«ከማን ጋር ውላ፣ ጋሼ» አለኝ፣ ከመኪናዋ ሥር ሆኖ።

ትናንት እንግዲህ ኖፓ ወጣሁ። ፍሪሲዮኑ ከባድ ነው፤ በረገጥኩት ቁጥር ጉልበቴ ውስጥ ሚስማር የሚመታ ሰው አለ። አማቴን ከኋላ አሳፈርኩ። ያ ቁልቁለት ሲደርስ ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ። ሞተሩ እምምም ብሎ ያዛት። እግሬ ፍሬን ሳይነካ ግማሽ ወረድን። ደረቴ ተነፋ።

«እማማ፣ አዩልኝ? መኪና ማለት ይቺ ናት! ያቺ አውቶማቲክማ ልትጨርሰን ነበር።»

 ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ ለዛፎቹ እንደሚያወሩ ሁሉ፣ በኦሮምኛ ጀመሩ።

«የወንድሜም ልጅ እንደ ፊተኛዋ ያለች መኪና ነበረችው። ወደ ያዮ ከተማ ሲወስደኝ ቁልቁለት ሲሆንበት ያቺን ዘንግ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ይስባታል። እንደ በቅሎ ቀስ ብላ ነው የምትወርደው...»

መኪናዋን ዳር አስያዝኳት።

«አውቶማቲክ ነበረች?»

«ስሟን እኔ በምን አውቄ። ብቻ በግራ እግሩ ምንም አይረግጥም ነበር።»

«ታዲያ ያን ቀን ስንንሸራተት ምነው ዝም አሉኝ?»

ደነገጡ። «እንዴ! አማችን እንዲህ ብለህ ንዳ ይባላል? ነውር አይደለም? እኔስ ማርያምን ስለምናት ነበር፣ እርስዎ ዘንጉን እንዲስቡት።»

እዚያው ቆሜ ገመቹ ጋ ደወልኩ።

«ኤል የምትባለዋ ናት፣ ጋሼ፣ የመጨረሻዋ። ዝቅተኛ ማርሽ ላይ ትይዛታለች፣ ሞተሩ ራሱ ያግዳታል።»

«አንተስ አፍህን ምን ያዘው?»

«የሚያውቁት መስሎኛል! ደግሞ ሠላሳ ስምንት ዓመት ለነዳ ሰው ቁልቁለት ላስተምር? በመፍቻ ቢሉኝስ?»

እውነቱን ነው፣ እል ነበር።

ማርያም ደረስን። አማቴ ልጃቸው መቃብር ላይ እጃቸውን አሳርፈው ብዙ ቆዩ። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጉልበቴን አሻሁ፤ ለሚስቴም ነገሩን በሆዴ ነገርኳት። በሕይወት ብትኖር ሳቋ ኖፓ ድረስ ይሰማ ነበር።

ስንመለስ ያው ቁልቁለት ዳገት ሆኖ ጠበቀን። ማርሽ ስቀይር፣ ፍሪሲዮን ስረግጥ፣ ላቤ መጣ። ያን ጊዜ አንድ ዘዴ ታየኝ። እሳቸው እኔን ማዘዝ ነውር ነው፤ ስለ መኪና ማውራት ግን የከለከለ ወግ የለም።

«እማማ፣ ይቺ መኪና አሁን ምን የምትል ይመስልዎታል?»

ትንሽ አሰቡ።

«ጉልበቷን አሟታል። ጥላው ሥር አቁሞ ቢያሳርፈኝ እያለች ነው።»

አቆምኩ። ለመኪናዋ ስል ነው።