ቀላሏ ካሜራና የለምለም ፎቶ

ነፍስ አባቴ በየጾሙ «ሌላስ?» ሲሉኝ «ሌላ የለም አባ» እያልኩ የደበቅኳት አንዲት ኃጢአት አለችኝ። ለሚስቴም ነግሬያት አላውቅም። ዛሬ ለእናንተ ልናገር ቆርጬ ተነስቻለሁ፤ ካሁን በኋላ አላፈገፍግም።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ከሰቆጣ እየተነሳሁ ከገበያ ገበያ በእግሬ የምዞር ፎቶ አንሺ ነበርኩ። የዚያን ቀን ሞኝነቴ እንዲህ ነው፤ ጽጽቃ ገበያ መሃል ቆሜ በባለ ሠላሳ ስድስት ፊልም አርባ አንድ ጊዜ አነሳሁ። የካሜራዬ ቁጥሯ ሠላሳ ስምንት ስትል «ጥሩ ዕቃ ገዛሁ» አልኩ። አርባ ስትል በረከት ነው ብዬ አማተብኩ። አርባ አንድ ላይ ላብ ላብ አለኝ። ጋቢዬን ተከናንቤ ከፈት ባደርጋት ፊልሙ ስንዝር ሳይንቀሳቀስ፣ እንደ ጫንኩት ተጠቅልሎ ተኝቷል።

ጥፋቱ የማን ነው? የኔ ነው። የመረጥኳትም እኔ ነኝ። ወልድያ ላይ አንድ ሻጭ ሁለት ያገለገሉ ካሜራዎች አቀረበልኝ፤ አንዱ እንደ መጅ የሚከብድ ብረት፣ አንዷ ከኮት ኪስ የምትገባ ፕላስቲክ። «ጋሼ፣ ይቺ ለመንገድ ትቀላለች፤ ግን ፊልም የምትስብበት ጥርሷ አልቋል። ከጫኑ በኋላ ይቺ መዘውር ስትዞር ካላዩ እንዳያምኗት» አለኝ። «የኔም ጥርስ አልቋል፤ እንግባባለን» ብዬ ሳቅሁ። የጽጽቃን ዳገት በእግሩ የሚወጣ ሰው ቀላል ዕቃ ቢመርጥ ምን ይደንቃል? የሚደንቀው መዘውሯን አለማየቴ ነው። ሽማግሌዎቹን «አገጭ ቀና!» እያልኩ ስቀልድ እሷ ዝም ብላ ቆማለች።

እስከዚህ ድረስ ሞኝነት ነው፤ ለሞኝነት ነፍስ አባት አያስፈልግም። ኃጢአቱ ከዚህ ወዲያ ነው።

ሰዉ ከቦኝ «ምነው አያ ደሳለኝ፣ ምን ሆነች?» አለ። እኔ በአንዱ አፍንጫ፣ በሌላው አረማመድ ስቀልድ የኖርኩ ሰው ነኝ። አንድ ቀን በተራዬ ሊሳቅብኝ ሲል ግን አልቻልኩም። «ዓይን ነው» አልኩ። «ካሜራዬን ዓይን መታት።»

የማንንም ስም አልጠራሁም። ብልጠቴን እዩልኝ! ሸክላ ሠሪን በቡዳነት ማማት በአገራችን የኖረ ነውር ነው፤ ዓይን ከተባለ ገበያው ወደ ማን እንደሚዞር አውቅ ነበር። ወደ ለምለም ዞረ።

ለምለም ገንቦ ሠሪ ናት። ጠዋት መጥታ «አያ ደሳለኝ፣ እኔንስ ከገንቦዬ ጋር ታነሳኛለህ? ልጄ ሱዳን ነው። እናቴ ደከመች እያለ ይጨነቃል አሉ፤ እጄ እንዳልደከመ ይይልኝ» ብላኝ ነበር። «አንቺን ላንሳ ወይስ ገንቦውን? እሱ ይሻላል» ብዬ አስቄያት፣ ተራዋን ስትጠብቅ ነው ይህ የሆነው።

ሰዉ ሲያፈጥባት አልጮኸችም። «እኔ እኮ ጀርባዬን ሰጥቼ ገንቦዬን ስወለውል ነበር። አይተኸኛል፤ ንገራቸው» አለችኝ።

አይቻታለሁ። አልነገርኳቸውም። አይቻታለሁ፣ ዝም አልኩ። ጠዋት ከእሷ ገንቦ የገዛ ሰውዬ መልሶ አምጥቶ እግሯ ሥር ሲያስቀምጠውም ዝም አልኩ።

ወር ሳይሞላ ከባዱን ካሜራ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ተመለስኩና ሁሉንም ዳግም አነሳሁ። ለምለምም ገንቦዋን አዝላ ተሰለፈች። «እሷ ከቆመችበት እኛ አንቆምም!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ያን ጊዜም እውነቱን ማውጣት እችል ነበር። እኔ ግን ዓይኗን ሳላይ «ሌላ ቀን» አልኳት። ከዚያ ወዲያ ጽጽቃ ገበያ አልታየችም። ሸክላዋን ተሸክማ ወደ አበርገሌ ቆላ ትወርድ ጀመር አሉ። እኔ ለአንገቴ ፈርቼ ቀላሏን መረጥኩ፤ ሸክሙ በእሷ ጀርባ ወደቀ።

ሰበብ ልፈልግ? ዘመኑ ነው ልበል? የፈረደባት ገበያው ነው ልበል? አልልም። ቃሉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። አይቼ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። «ሌላ ቀን» ያልኩት እኔ ነኝ።

በሚመጣው ገበያ ጽጽቃ እሄዳለሁ። ጉልበቴ እንቢ ካለ በቅሎ እለምናለሁ፤ በቅሎዋም እንቢ ካለች ሁለት እንቢተኞች እየተጓተትን እንደርሳለን። እዚያው ቦታ ቆሜ «ዓይን አልነበረም። መዘውሯን ያላየሁት እኔ ነኝ። ለምለም ጀርባዋን ሰጥታ ነበር» እላለሁ። የዚያን ቀን የነፈግኳቸውን ሳቅ እስኪጠግቡ ይሳቁብኝ።

ከዚያ አበርገሌ እወርዳለሁ። በሕይወት አለች፤ ጠይቄያለሁ። እጇ ግን ይንቀጠቀጣል፣ ጭቃ መያዝ ትታለች አሉኝ። ይቅር በይኝ እላታለሁ፤ እንቢ ብትለኝ አልከራከራትም። እጇ እንዳልደከመ ልጇ ሊያይበት የነበረውን ፎቶ ግን ከእንግዲህ ቀላሉም ከባዱም ካሜራ አያነሳውም። ያ አንድ ፎቶ አለብኝ።